ሥራነሽ ለባሏ ያወጣችው ስም

ሥራነሽ በሙሽርነቷ ዓመት ውኃ ወስዷት ነበር።

ጊዜው ክረምት ነው። ከአምበር ገበያ ሲመለሱ ባሏ እንዳላማው አህዮቹን እየነዳ ቀድሞ ወንዙን ተሻገረ። እሷ የተሸመተውን ጨው በጀርባዋ አዝላ፣ እንደ ወጉ ከኋላ ቀረት ብላ ትከተለው ነበር። መሃል ስትደርስ ደጋው ላይ የጣለው ዝናብ ደራሽ ሆኖ መጣ። እግሯ ከድንጋዩ ሸሸ። ውኃው አገላብጦ ወስዶ ከአንድ የአኻያ ቁጥቋጦ ጋር አላተማት፤ ቅርንጫፉን በሁለት እጇ ጨበጠች። ከዚያ ሆና ቀና ስትል ባሏን አየችው። ጀርባውን ሰጥቷት አቀበቱን ጀምሯል።

ስሙን ብትጠራው ይዞር ነበር። ያን ያህል አልራቀም። ነገር ግን በዚያ አገር ምራት የባሏን ስም አትጠራም፤ የአማቶቿንም ስም፣ የባሏን ታላላቆችም ስም በአፏ አታነሣም። ገና ከአባቷ ቤት ስትወጣ የተነገራት ይህ ነው። ስለዚህ ሥራነሽ፣ «ኧረ ሰው! ኧረ ሰው!» ብላ ጮኸች። ዳርቻው ደግሞ በገበያተኛ ተሞልቷል። አንዱ አህያውን ይጠራል፣ አንዱ ልጁን፣ አንዱ ጓደኛውን። «ሰው» ሲባል እኔን ነው ብሎ የዞረ አልነበረም።

ያዳናት አሊ የሚባል ጨርቅ ነጋዴ ነው። ውኃው እስኪጎድል በቅሎውን ይዞ ከዳር ቆሞ ሳለ ቀሚሷን አየ። የጭነቱን ጠፍር ፈትቶ ወረወረላትና እየጎተተ አወጣት።

«ስምሽ ማነው?» አላት፣ ነፍሷ ሲመለስ።

«የኔአለም» አለች፣ ጥርሷ እየተንቀጫቀጨ። ይህ አባቷ ያወጡላት ስም ነው። ሥራነሽ የተባለችው በሠርጓ ሰሞን ነበር፤ ወደ ቤት ለገባች ምራት አማቷ ስም ታወጣላታለችና። አዲሱ ስም ገና አልለመዳትም ነበር፤ በድንጋጤ የመጣላት የፊተኛው ሆነ።

«ባልሽስ ማን ይባላል?»

በጣቷ ወደ ማዶ አመለከተች።

«ኧረ ስሙን ንገሪኝና ልጥራልሽ!»

አሁንም ጣቷን ብቻ ቀሰረች። አሊ የአገሩን ወግ ያውቃል። ሳቀና መዳፉን ከአፉ ዳር አድርጎ፣ «የዚህች ሙሽራ ባል! ሚስትህን ከወዲህ ረስተሃታል!» ብሎ ለቀቀው።

እንዳላማው ውኃው ጎደል ሲል ተሻግሮ መጣ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«የኔአለም ነኝ ብላ የራሷን ስም ነገረችኝ» አለው አሊ። «ያንተን ግን ከውኃው መልሼ ብከታትም የምትነግረኝ አልመሰለኝም። ወጋችሁ ነው፤ አልነቅፍም። ብቻ ወንድሜ፣ ስትጠራህ የምትሰማበት አንድ ነገር ስጣት።»

«እሺ» አለ እንዳላማው። አልሰጣትም። ቤት ሲደርሱ አማቷ ወለተ ሐዋርያት የራሰች ሙሽራ አዩና፣ «ጨውስ?» አሉ፤ ነገሩም በጨው ተዘጋ። ከዚያ እርሻው መጣ፣ ልጆቹ መጡ። የአሊም ምክር ከአሊ ጋር መንገዱን ሄደ።

ሥራነሽ እንዲህ ሆና አረጀች። ባሏን ስትፈልገው «አንተ» ነው፤ ስለ እሱ ስታወራ «እሱ» ነው። ራቅ ሲል ልጅ ትልክበታለች። ልጆቹ አድገው ሲበተኑ ራሷ እየሄደች፣ ከማሳው ዳር ቆማ ቀና እስኪል ትጠብቀዋለች። እግሯ ነበር የሚጠራላት። ኋላ ግን የዓይን ግፊት የሚሉት በሽታ ጥቂት በጥቂት ሁለቱንም ዓይኖቿን ወሰደባት። ቤቷንና ግቢዋን በእጇ ታውቀዋለች፤ ገንቦው የት እንደተደገፈ፣ ጥጃው በየትኛው ችካል እንደታሰረ አትስትም። ከአጥሩ ወዲያ ግን ዓለም ለእሷ ተዘጋ።

ዘንድሮ ሰኔ ላይ ከምድጃው የተፈናጠረ ፍም የተከመረ ጭድ ያዘ። ሥራነሽ ሽታውን አወቀችው፤ ብቻዋን ነበረች። ከመንገዱ ዳር ሱቅ ያላት ቶይባ፣ የዚያ የጨርቅ ነጋዴ የአሊ ልጅ፣ ጭሱን አይታ ሮጣ ደረሰች። አባቷ ከውኃ እሷ ከእሳት እያለ ሰው ሁሉ ተደነቀ። ደብረ ማርቆስ ነርስ ሆና የምትሠራው የመጨረሻ ልጃቸው ሂዊ ግን አልተደነቀችም። መጣችና፣ «እማ ከእኔ ጋር ከተማ ትገባለች። አለቀ» አለች።

«አባትሽስ?» አለች ሥራነሽ።

«እሱም ይምጣ።»

«በሬዎቹን ለማን? መሬቱን ለማን?» አለ እንዳላማው። ከዚያ በላይ አልተናገረም። በማግስቱ በሬዎቹን ሲጠምድ ግን ቀንበሩን ገልብጦ ጫነው። ያየው ጎረቤት በሳቅ ሞተ።

ሁለቱም ያወቁት ይህን ነው። ከሠርጋቸው ቀን ወዲህ ከአንድ ጣሪያ ሥር ተለያይተው የማያውቁ ሰዎች፣ እሷ ለማርቆስ፣ እሱ ለአምበር ሊከፈሉ ነው። በዚያ ዕድሜ የተከፈለ ሰው ደግሞ የሚገናኘው በለቅሶ ነው።

ሂዊም ልቧ አልጨከነም። ፍልሰታ ሲገባ ሁለት ስልክ፣ አንዲት ጭብጥ የምታክል የድምፅ ሣጥን፣ በፀሐይ የሚሞላ ባትሪም ይዛ መጣች። «በድምፅ የሚታዘዝ ነው። አማርኛ ይሰማል፤ ገና ልጅ ነው፣ ይኮላተፋል። እማ ሲጨንቃት ራሷ መደወል ከቻለች ትቀመጥ። ካልቻለች ግን ጾሙ ሲፈታ ይዣት እሄዳለሁ፤ ኋላ እንዳትለምኑኝ» አለች።

ሣጥኗን ከምሰሶው ላይ ሰቀለቻት፤ ስልኩን በከረጢት አድርጋ ለእናቷ በአንገቷ አንጠለጠለችላት።

«ይህ ከምሰሶው ላይ ያለው ማነው?» አለች ሥራነሽ።

«ማንም አይደለም። የምትይውን የሚሰማ ዕቃ ነው።»

«ሳያየኝ?»

«አንቺስ ሳታዪው አይደል?»

«እንግዲያ እንስማማለን።»

መጀመሪያ ድምፅዋን እንዲያውቅ ማድረግ ነበረባቸው። ዕቃው በሴት ድምፅ፣ «እባክዎ የመቀስቀሻ ቃልዎን ደጋግመው ይናገሩ» አለ። ሥራነሽ እርስዎ ስለተባለች ደስ አላት። «ጨዋ ናት፤ የሰው ልጅ ናት» አለች።

«መቀስቀሻውን፣ ዕቃውን የምትጠሪበትን ቃል፣ አንቺ ምረጪ» አለች ሂዊ። «ሰው ደጅ ስትደርሺ ምን ብለሽ ትጣሪያለሽ?»

«ቤቶች! ነዋ።»

«በቃ እሱን።»

ሥራነሽ «ቤቶች! ቤቶች! ቤቶች!» እያለች በገዛ ቤቷ ውስጥ እንደ እንግዳ ተጣራች። ይህን ምርጫ ግን ወዲያው ሊጸጸቱበት ነበር። ትንሽ ቆይቶ ቶይባ ስኳር ይዛ መጣችና ከደጅ፣ «ቤቶች!» ስትል፣ ከውስጥ ያልታወቀች ሴት፣ «ምን ልታዘዝ?» አለቻት።

ቶይባ ባለችበት ቆመች። «እትዬ ሥራነሽ! ሠራተኛ ቀጠሩ እንዴ?»

«ግቢ፣ ግቢ! የሂዊ ዕቃ ናት።»

«አፏ እንዴት ያለ ነው በአላህ! ደግሞ ከተሜ ናት።»

«ለማንም አቤት ይላል» አለች ሂዊ፤ «ትእዛዝ የሚቀበለው ግን ከእማ ድምፅ ብቻ ነው።» ሥራው ቀጠለ። «ለቶይባ ደውል» አለች ሥራነሽ፤ የቶይባ ስልክ ከእጇ ላይ ጮኸ። «ለሂዊ ደውል» አለች፤ የሂዊ ጮኸ። ሥራነሽ ፊቷ በራ። እጇን አንሥታ ምሰሶውን እንደ ጥጃ ዳበሰችው።

«አሁን ዋናውን። ለእንዳላማው ደውል በይ» አለች ሂዊ።

ሥራነሽ እጇን ከምሰሶው ላይ መለሰች።

«እማ? ለእንዳላማው...»

«ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ በያ!»

«እኔ እሱን ጠርቼው አላውቅም። ሲመጣ ነው የማናግረው።»

ሂዊ ሳቋ መጣ፤ ቶይባን ስታያት ግን ቶይባ አልሳቀችም። አባቷ የወንዙን ነገር ብዙ ጊዜ ነግሯታል።

«እሺ» አለች ሂዊ፣ «ስለ እሱ ስታወሪ ምን ትያለሽ?»

«እሱ እላለሁ። ሰውየው እላለሁ። ከሰው ፊት ከሆነ የሂዊ አባት።»

«ጥሩ! የሂዊ አባት ብዬ እመዘግበዋለሁ።» መዘገበችው። ሥራነሽ፣ «ቤቶች! ለሂዊ አባት ደውል» አለች። ዕቃው፣ «ለሂዊ እየደወልኩ ነው» አለና የሂዊን ስልክ አስጮኸው። ደገሙት፤ አሁንም ሂዊ። ሠለሱት።

«እኔ ማርቆስ በሽተኛ ይዤ ስቆም ከብት ከአጥር ሲወጣ ሁሉ ለእኔ ልትደውይ ነው!» ሂዊ ትዕግሥቷ አለቀ። «በቃ ቁጥር እንስጠው። ለአንድ ደውል በይ።»

«ሰው በቁጥር? ከብት ነው እንዴ?»

«እማ፣ እንግዲያው ስሙን ጥሪ! አያቴ ከሞቱ ስንት ዘመናቸው!»

«እሳቸው ቢሞቱ ምላሴ የት ሄዶ።» ይህን ስትል ግን ድምፅዋ ወረደ። ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ገብቷታል። አንዲት ቃል ናት ከቤቷ የምታስወጣት። ደግሞም ሞከረች፤ ማንም ሳያያት፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ፣ የስሙን መጀመሪያ ከከንፈሯ አደረሰችው። አፏ ውስጥ እንደ ሰው ዕቃ ከበዳት፤ መለሰችው። ግትርነት አልነበረም። ዕድሜዋን ሙሉ የጠበቀችው ነገር ነው፤ አሁን በዕቃ ፊት አውጥታ ብትጥለው፣ ያኔ በውኃ ውስጥ ሆና የጠበቀችው ለምን ነበር?

በማግስቱ ጧት ሂዊ የአባቷን ስልክ ለማስተካከል ወደ ደጅ ወጣች። እንዳላማው ፊደል አልቆጠረም፤ ለእሱም በድምፅ የሚታዘዝ አድርጋለታለች። ከግድግዳው ሥር ተቀምጦ የሞፈር ልጥ ያጠብቃል። ሥራነሽ ከውስጥ፣ ከበሩ አጠገብ ሆና ምስር በጣቷ እየዳሰሰች ትለቅማለች።

«አባ፣ የእማን ምን ብዬ ልመዝግብልህ? ሥራነሽ ልበል?»

እንዳላማው ልጡን አጠበቀ። ፈታው፤ እንደገና አጠበቀው።

«የኔአለም በያት» አለ።

«የኔአለም ማናት?»

«እናትሽ ናት። አባቷ ያወጡላት ነው። አሊ ወንዝ ዳር ነግሮኛል።» ልጡን ከጉልበቱ ላይ አኑሮም፣ «አሊ ሌላም ነገር ነግሮኝ ነበር፤ ትጠራህ ዘንድ አንድ ነገር ስጣት ብሎኝ ነበር። ዛሬ ነገ ስል ዓይኗ ጠፋ።»

ከውስጥ የሥራነሽ ጣት ከምስሩ ላይ ቆመ። ያን ስም ከሰው አፍ የሰማችው አባቷ ሳይሞቱ ነው። ሰው ሁሉ የረሳው፣ እሷም የቀበረችው መስሏት ነበር። ለካስ አንድ ሰው ይህን ሁሉ ዘመን ይዞት ኖሯል።

ተነሥታ መቃኑን በእጇ እየዳበሰች ወደ ደጅ ወጣች።

«ሂዊ፣ የሱንም ጻፊ።»

«ምን ብዬ?»

«ሰማኝ።»

እንዳላማው ቀና አለ። «መቼ ሰማሁሽና?» አለ፣ በትንሹ አፍሮ።

«ስም የሚወጣው ለሆነው ብቻ ነው? እኔ ሥራነሽ ስባል ገና ምን ሠርቼ ነበር? እንዲሆን ነው የሚወጣው። እሜቴ እናትህ ለእኔ እንዳወጡልኝ እኔ ላንተ አወጣሁ።»

ሂዊ መዘገበችው። ሥራነሽ፣ «ቤቶች! ለሰማኝ ደውል» አለች። «ለሰማኝ እየደወልኩ ነው» አለ ምሰሶው። የእንዳላማው ስልክ ከደረቱ ላይ ጮኸ። እሱም ሚስቱ ፊት ለፊቱ ቆማ ሳለ ስልኩን ከጆሮው ለጥፎ፣ «አቤት!» አለ።

ሂዊ ግን ገና አልረጋችም። «ደጃፍ ላይ ሁሉም ነገር ይሠራል። ጾሙ ሲፈታ እንተያያለን» ብላ ሄደች።

የፍልሰታ ፍቺ ሊደርስ ሲል፣ ከቀትር በኋላ፣ ቶይባ እየሮጠች መጣች። «ቤቶች!»

«ምን ልታዘዝ?»

«አንቺን አይደለም! እትዬ ሥራነሽ፣ ጋሼ እንዳላማው የት ናቸው?»

«ከወንዙ ማዶ፣ ጤፉን ሊያርም።»

«ከላይ በኩል ሰማዩ ተቀዷል። ከዚያ የመጣ ሚኒባስ ሹፌር ደራሹ ድልድዩን ሊውጠው ነው ብሎ ነገረኝ፤ ወደዚህ መውረዱ ነው። እዚህ ደግሞ ጠብታ የለም፤ ጋሼ በምን ያውቃሉ? መብራት ከትናንት ወዲህ የለ፣ ስልኬ ሞቷል። ልሩጥ?»

«አትደርሺም» አለች ሥራነሽ። የመመለሻው ሰዓት እንደሆነ ታውቃለች። «ቤቶች! ለሰማኝ ደውል!»

«ይቅርታ፣ አልተረዳሁም።»

«ለሰማኝ! ለሰማኝ ደውል አልኩሽ እኮ!»

«ይቅርታ፣ አልተረዳሁም።»

ዕቃው የሚያውቀው ያን ቀን የተማረውን፣ የረጋውን ድምፅዋን ነው። ይህ የሚንቀጠቀጠው ለእሱ የሌላ ሰው ነው። ለሥራነሽ ይህን ማን ነገራት? ማንም። ብቻ ያ የወንዙ ጩኸት ትዝ አላት፤ ያን ያህል ጮኻ ማንም እንዳልዞረ። እጇን ዘርግታ ምሰሶውን ያዘች። ትንፋሿን ዋጠች። ከዚያ እሱ አጠገቧ ተቀምጦ ልጥ እንደሚያጠብቅ ሁሉ ቀስ ብላ፣ «ቤቶች። ለሰማኝ ደውል» አለች።

«ለሰማኝ እየደወልኩ ነው።»

ጠራ። ጠራ። ቶይባ በአፏ ዱዓ ታደርጋለች፣ ሥራነሽ ማርያምን ትጠራለች። ተቋረጠ፤ ኔትወርኩ ነው። ደግማ፣ በዚያው በረጋ ድምፅ አዘዘችው። ጠራ።

«አቤት!»

«የት ነህ?»

«ወንዙ ላይ። ጫማዬን እያወለቅሁ።»

«አትሻገር።»

«ኧረ ጉልበት አይደርስም፣ እስከ ባት ነው...»

«ቁም! ወደ ኋላ ተመለስ፣ ዳገቱን ያዝ። ደራሽ መጣ።»

እንዳላማው ሰማዩን ቀና ብሎ ሳያይ አልቀረም፤ ከራሱ በላይ ፀሐይ ነው። ሌላ ቀን ቢሆን ይከራከር ነበር። ከስልኩ ውስጥ ግን የምትሰማው ኮቴውን ብቻ ሆነ፣ በጭቃ ላይ ወደ ላይ። ቀጥሎ የሰማችውን ድምፅ ማንም ሊያስረዳት አላስፈለገም። ድንጋይ ከድንጋይ እየተጋጨ የሚመጣ ውኃ ነው። ያን ድምፅ ከአኻያው ሥር ሆና ጠግባዋለች።

«ሰማኝ!» አለች። «ሰማኝ!»

መልሱ ዘገየ። ቶይባ የሥራነሽን ክንድ ጨብጣ ይዛለች።

«አለሁ» አለ እንዳላማው። «ቆሜያለሁ። አለሁ። ቆሜበት የነበረው ድንጋይ ግን የለም።»

ሥራነሽ ያን ጊዜ ነው የተቀመጠችው።

እንዳላማው ማዶ ከዘመድ ቤት አድሮ፣ በማግስቱ ውኃው ሲጎድል በላይኛው ድልድይ ዞሮ መጣ። ከደጃፉ ቆሞ፣ «ቤቶች!» ቢል ሁለት ሴቶች ባንድ አፍ መለሱለት። የሰፈሩ ሴቶች ነገሩን ሰምተው ሰነበቱበት። «ሥራነሽ ባሏን ክርስትና አነሣችው» ይሉ ነበር። አንዷ፣ «አማትሽ ቢሰሙ ምን ይሉሽ ይሆን?» ስትላት፣ «ያስተማሩኝን ነው ያደረግሁ። ወደ ቤት ለገባ ሰው ስም ይወጣለታል፤ እሱ ገና መግባቱ ነው» አለቻት።

ሂዊ ጾሙ ሲፈታ መጣች። የእናቷን ልብስ የምትይዝበት ባዶ ሻንጣ አምጥታ ነበር፤ ኋላ ግን «ስኳርና ሳሙና ይዤበት ነው የመጣሁ» ብላ ካደች። ቶይባ ወንዙን ከእጅ እንቅስቃሴ ጋር አስመስላ አጫወተቻት። ሂዊ ሰምታ ስትጨርስ ሻንጣውን ከአልጋ ሥር አስገባችው፤ ስለ ማርቆስም አላነሣችም። ሲመሽም እናቷ አጠገብ ተቀምጣ፣ «እማ፣ በዚህ ሁሉ ዕድሜሽ ከሁሉ የበለጠብሽ ምንድን ነው?» አለቻት። ልጅነቷን፣ ወይም ልጆቿን፣ ወይም ዓይኗን ትለኛለች ብላ ነበር።

ሥራነሽ ከደጅ እንዳላማው በሬዎቹን ሲያስገባ ኮቴውን አዳመጠች።

«አትቀየሚኝ፣ እናንተን ወልጄ ደስ ብሎኛል» አለች። «ዓይኔም ሳለ ብዙ አይቻለሁ። የበለጠብኝ ግን ሌላ ነው። አንድ ቀን ጠራሁት፤ ሳይሰማኝ ሄደ። አንድ ቀን ጠራሁት፤ ለምን ሳይለኝ ቆመ። በዚህ በሁለቱ መሃል ያለውን ዕድሜዬን ሁሉ የኋለኛው ቀን አጣፈጠልኝ። ሰው ሲጠራ የሚቆምለት አንድ ሰው ካለው፣ ልጄ፣ የትም ይኑር ቤቱ ነው።»